ከሳንቲም ማሽን ወደ ሳሎን፦ ሁለቱ ግራዲየሶች

ከቪዲዮ ጌም ዓይነቶች ሁሉ ለማስረዳት የሚቀለው ይህ ይመስለኛል። አንዲት ትንሽ የጠፈር መንኮራኩር በስክሪኑ ግራ በኩል አለች፤ ጠላት ከቀኝ ይመጣል፤ ትተኩሳለች፤ ከተመታች ትሞታለች። በቃ። ለመጫወት ግን ከከባዶቹ አንዱ ነው። ከዚህ ዘር ስሙ በሰፊው የሚጠራው ግራዲየስ ነው። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1985 ዓ.ም. (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳንቲም እየተከፈለባቸው ለሚሠሩት የጨዋታ አዳራሽ ማሽኖች አወጣው። በዓመቱ፣ በ1986፣ ፋሚኮም ለተባለው የኒንቴንዶ የቤት ማጫወቻ ወጣ።

ሁለቱ ግራዲየሶች ስማቸው አንድ ነው። ጠላቶቹ፣ የደረጃዎቹ ቅደም ተከተልና የሙዚቃው ዜማም አንድ ነው። ሁለቱ ማሽኖች የሚገባቸው ቋንቋ ግን ጭራሽ የተለያየ ስለሆነ የአንዱን ፕሮግራም ወስዶ ሌላው ላይ መጫን አይቻልም ነበር። የኮናሚ ሠራተኞች የቤቱን ጌም ከባዶ ወረቀት ተነስተው ጻፉት። ያኔ አንድን ጌም «ወደ ቤት ማምጣት» ማለት ይህ ነበር፤ ፋይል መቅዳት አይደለም፣ ትልቁን ሥራ እያዩ በትንሽ ማሽን እንደገና መሥራት ነው። ምን ይቀራል፣ ምን ይቆረጣል የሚለውን አንድ በአንድ መወሰን ያስፈልጋል። እነዚያ ውሳኔዎች ጌሙ በእውነት ምን እንደሆነ ከማንኛውም ማስታወቂያ አጥርተው ይናገራሉ ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ አስቀድሞ ጌሙን ራሱን ማወቅ ይገባል።

የሚሄደው መሬቱ ነው

መንኮራኩሯ ስሟ ቪክ ቫይፐር ነው። ወደ ፊት የምትበር ትመስላለች እንጂ ስክሪኑ ላይ ቦታዋን የምትለውጠው ተጫዋቹ ሲያንቀሳቅሳት ብቻ ነው። የሚሄደው መልክዓ ምድሩ ነው። ተራራው፣ ድንጋዩ፣ ምሽጉ ከቀኝ እየገባ በግራ ይወጣል፤ ፍጥነቱንም የሚወስነው ማሽኑ ነው። ተጫዋቹ መቆም አይችልም፤ ወደ ኋላ መመለስም አይችልም። ሳይዘጋጅ የደረሰበት ጠባብ መተላለፊያ ቆሞ አይጠብቀውም፣ ራሱ ይመጣበታል።

ኮናሚ ይህን መንገድ በ1981 ስክራምብል በተባለ ጌም ሞክሮት ነበር። እዚያ መንኮራኩሯ መሬት ላይ ያሉ የነዳጅ ታንኮችን እየመታች ነዳጇን ካልሞላች ትወድቃለች። ሂሮያሱ ማቺጉቺ የመሩት ቡድን ሥራ ሲጀምር ያሰበው የስክራምብልን ተከታይ ለመሥራት ነበር። ሲያልቅ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ ያደረገውም በስክሪኑ ግርጌ ያለ አንድ መደዳ ነው።

መደዳው ስድስት ሳጥኖች አሉት፦ ፍጥነት፣ ሚሳኤል፣ ድርብ ተኩስ፣ ሌዘር፣ ኦፕሽን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን፣ እሱም ጋሻ ነው። አንዳንድ ጠላቶች ሲሞቱ ካፕሱል ይጥላሉ። ካፕሱሉ ሲነሳ መብራቱ አንድ ሳጥን ወደ ቀኝ ይራመዳል። ተጫዋቹ ገና ምንም አላገኘም። የሚያገኘው ቁልፉን ሲጫን ነው፤ ያኔ የበራውን ሳጥን ይወስዳል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ቆጠራውም እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ጨዋታው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። በአንድ ካፕሱል ፍጥነት ይገኛል፤ ፍጥነት የሌላት መንኮራኩር ደግሞ ኤሊ ናት። ሌዘር የሚፈልግ ግን አራት ካፕሱል እስኪሰበስብ በባዶ እጁ መቆየት አለበት። አምስተኛውን ካነሳ ሌዘሩ አልፎት ኦፕሽን ላይ ይደርሳል። በጣም ፈጣን መሆንም የራሱ ችግር አለው፤ ፍጥነት አብዝቶ የወሰደ ሰው በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ከግድግዳው ጋር ይላተማል። ጠላት እየተኮሰበት፣ መሬቱ እየመጣበት፣ ተጫዋቹ በልቡ ሂሳብ ይሠራል፦ አሁን ልውሰድ ወይስ አንድ ልጨምር? በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የተኩስ ጌሞች የጦር መሣሪያውን ለተጫዋቹ ሰጥተው ያበቃሉ። ግራዲየስ ምርጫውን ለተጫዋቹ ተወለት። ከአርባ ዓመት በኋላ ዛሬም ሰው የሚጫወተው በዚህ ምክንያት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከስድስቱ ሳጥኖች ኦፕሽን ልዩ ነው። ኦፕሽን የሚያበራ ሞላላ ኳስ ነው፤ አይሞትም፣ መንኮራኩሯ የተኮሰችውን ሁሉ አብሯት ይተኩሳል። መንኮራኩሯን የሚከተለው ግን በቀጥታ አይደለም፤ ያለፈችበትን መንገድ ዱካ በዱካ ይዞ ነው። ፕሮግራሙ መንኮራኩሯ ከጥቂት ቅጽበት በፊት የነበረችበትን ቦታ ያስታውስና ኦፕሽኑን እዚያ ያስቀምጠዋል። ስትቆም ኦፕሽኑም ባለበት ይቆማል። በዚህ ምክንያት ጎበዝ ተጫዋች ወደ ላይ ወጣ ብሎ ይቆምና ኦፕሽኖቹን ከላይ እስከ ታች እንደ አጥር ይዘረጋቸዋል፤ ከዚያ ከስክሪኑ ከፍታ ሩብ ያህሉ በእሱ እሳት ይሸፈናል። ሌላ ጊዜ ደግሞ መንኮራኩሯ ልትገባበት የማትደፍረውን ጉድጓድ ኦፕሽኑ ሄዶ ይጠርግላታል። ይህን ማንም አላስተማረውም። ከጌሙ ጋር ሲኖር ያገኘው ነው።

የሚሞት ሰው ሁሉንም ያጣል። ወደ ደረጃው አንድ መነሻ ነጥብ ይመለሳል፤ ያለ ፍጥነት፣ ያለ ሌዘር፣ ያለ ኦፕሽን። ሙሉ መሣሪያ ታጥቆ ያቃተውን ቦታ አሁን በባዶ እጁ ማለፍ አለበት። በዚህ ላይ ማሽኑ ተጫዋቹ በበረታ ቁጥር ጠላትንም ያበረታል። ጭካኔ ይመስላል፤ ምክንያቱን ለማየት ማሽኑ የት እንደቆመ ማሰብ ይበቃል።

የመቶ የን ጨዋታ

የጃፓን የጨዋታ አዳራሽ ደንብ ግልጽ ነበር፤ ለአንድ ጨዋታ አንድ የ100 የን ሳንቲም። የአዳራሹ ባለቤት ማሽኑን በውድ ዋጋ ገዝቷል፤ አንድ ልጅ በአንድ ሳንቲም ግማሽ ቀን ከተጫወተበት ይከስራል። ልጁም በሁለት ደቂቃ ከሞተ ተናዶ አይመለስም። ጌም ሠሪው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው የሚሄደው፦ ቶሎ የሚገድል፣ ግን «ጥፋቱ የራሴ ነው፣ አሁን አውቄዋለሁ» የሚያሰኝ ሞት መሥራት አለበት። የግራዲየስ አስቸጋሪነት ከዚህ የገቢ ሂሳብ የተወለደ ነው። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም ጌሙ ወደ ቤት ሲመጣ ሂሳቡ ይገለበጣል። ቤት ውስጥ ሳንቲም የለም። ወላጅ ካርትሪጁን አንድ ጊዜ ገዝቶታል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ አንድ ሰዓትም አንድ ዓመትም ቢጫወት ለኩባንያው ለውጥ የለውም።

ማሽኑ ራሱ እንግዳ ፍጥረት ነበር። ኮናሚ ግራዲየስን የሠራው በበብል ሜሞሪ ላይ በተመሠረተ አዲስ ማሽን ነው። በዚህ ሜሞሪ መረጃው የሚቀመጠው በስስ መግነጢሳዊ ንጣፍ ላይ በሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን መግነጢሳዊ ነጥቦች ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የአዳራሹ ባለቤት ማሽኑን ሳይለውጥ የጌሙን ካርትሪጅ ብቻ እየቀያየረ አዲስ ጌም ያስገባል። ችግሩ ሜሞሪው በደንብ የሚሠራው ሲሞቅ ብቻ መሆኑ ነው። ጠዋት ማሽኑ ሲበራ እስኪዘጋጅ ድረስ ያስጠብቃል፤ ኮናሚም ለዚህ ጥበቃ ተብሎ አንድ የተለየ ለስላሳ ዜማ አስገባበት። «የጠዋት ሙዚቃ» ይሉታል። ጃፓን ውስጥ በዚያ ዘመን አዳራሽ የከፈተ ሰው ከግራዲየስ መጀመሪያ የሚሰማው ያንን ነው። ሜሞሪው ውድ ከመሆኑም ሌላ ማግኔት ሲጠጋው የሚበላሽ ነበርና ብዙ አልገፋም። በኋላ ጌሙ በተለመደው የሮም ቺፕ ተሠርቶ ወጣ፤ ከጃፓን ውጭም ኔመሲስ በሚል ስም የሄደው በዚያ መልኩ ነው።

ዋናው ፕሮሰሰሩ ሞቶሮላ 68000 ነው፤ አፕል በ1984 ያወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ የተሠራበት ያው ቺፕ። ለድምፅ ብቻ የተመደበ ሌላ ፕሮሰሰር ነበረው። ሚኪ ሂጋሺኖ ዜማውን ስትደርስ ገና ተማሪ ነበረች፤ እስከ ዛሬ ግን የጌም ሙዚቃ የሚወድ ሰው የመጀመሪያውን ደረጃ ዜማ ሲሰማ ወዲያው ያውቀዋል።

ሁለት ኪሎባይት

አሁን ወደ ቤቱ ማሽን እንምጣ። ፋሚኮም በሐምሌ 1983 በ14,800 የን የወጣ ነጭና ቀይ ቀለም ያለው ማጫወቻ ነው። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 1.79 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ፣ በአንድ ጊዜ ስምንት ቢት ብቻ የሚያነሳ ቺፕ ነው። ፕሮግራሙ ሥራውን የሚሠራበት ሜሞሪ 2 ኪሎባይት ነው። የእያንዳንዱ ጠላት ቦታ፣ የእያንዳንዱ ጥይት አቅጣጫ፣ የተጫዋቹ ነጥብ፣ ኦፕሽኑ የሚከተለው ዱካ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ መግባት አለበት። የፋሚኮሙ ግራዲየስ ካርትሪጅ በሙሉ፣ ፕሮግራሙም ሥዕሉም ተደምሮ፣ 64 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶ ከዚህ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ከሜሞሪው ይልቅ ጌሙን የቀረጸው ግን የሥዕል ቺፑ ነው። ፋሚኮም ስክሪን ላይ የሚታየውን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ከኋላ ያለው ገጽ ነው፤ ተራራው፣ ምሽጉ፣ ግድግዳው። ይህ ስምንት በስምንት ፒክስል ከሆኑ ትንንሽ ሰድሮች የሚነጠፍ ሲሆን ቺፑ ራሱ ያለ ችግር ያንሸራትተዋል። ሁለተኛው ስፕራይት ይባላል፤ ከገጹ በላይ እንደ ልባቸው የሚንቀሳቀሱት ሥዕሎች፦ መንኮራኩሯ፣ ጠላቱ፣ ጥይቱ። የስፕራይቱ ሕግ ጥብቅ ነው። በጠቅላላው ከ64 አይበልጡም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ሊታዩ አይችሉም። ዘጠነኛው አይሳልም፤ እዚያ አለ፣ ይገድላል፣ ግን አይታይም።

አንድ ስፕራይት ስፋቱ ስምንት ፒክስል ብቻ ስለሆነ መንኮራኩሯ ራሷ ከአንድ በላይ ትፈልጋለች። አጠገቧ ኦፕሽን ይቆማል፤ እሷም ኦፕሽኑም ይተኩሳሉ፤ ጥይቱም ስፕራይት ነው፤ ከፊት ለፊት ጠላት በሰልፍ ይመጣል። አንድ መስመር ላይ ስምንት ለመሙላት ምንም ጊዜ አይፈጅም። ፕሮግራመሮቹ መፍትሔ አላቸው፤ ማሽኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚስል በአንዱ ምስል ያልተሳለውን በሚቀጥለው ይስሉታል፣ ተራ ያስይዙታል። ለዓይን የሚታየው ብልጭ ድርግም ማለት ነው። የድሮ ጌም የተጫወተ ሁሉ ያየው ነው፤ የቴሌቪዥን ብልሽት መስሎት የነበረም ብዙ ነው። ይህ ግን የቺፑ ሕግ በዓይን ሲታይ ነው።

በዚህ ማሽን ላይ የግራዲየስን አራት ኦፕሽኖች ማስቀመጥ አልተቻለም። የፋሚኮሙ ሁለት ብቻ አሉት። ጌሙን የሚያወዳድሩ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሱት ይህን ነው፤ እኔ ግን ትክክለኛ ቅነሳ ነው እላለሁ። ሁለት ኦፕሽን ዱካ ተከትሎ ይሄዳል፣ እንደ አጥር ይዘረጋል፣ ጉድጓድ ይገባል። ሐሳቡ ሙሉ ነው፤ የተቀነሰው ብዛቱ ነው። አራቱን አስገብቶ በየመስመሩ ግማሹ ጥይት የማይታይበት ጌም መሥራት ከዚህ የከፋ ይሆን ነበር።

ሌዘሩም አጠረ። በአዳራሹ ማሽን ሌዘር ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቅ ሰማያዊ ክር ነው፤ መንኮራኩሯ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስትል አብሯት ይጠርጋል። በፋሚኮም ያ ርዝመት ሁሉ ከስፕራይት መሠራት ስላለበት ቁርጥራጭ ሆኖ ይወጣል፤ አጭር ዱላ የሚወረውር ይመስላል። ስሙ ሌዘር ነው፣ ጠላትንም እየበሳ ያልፋል፤ ግርማው ግን ቀርቷል። እዚህ ላይ ቅሬታ ያላቸው ሰዎች እውነት አላቸው።

ሙዚቃውም ዋጋ ከፍሏል። ፋሚኮም አምስት የድምፅ መስመር አለው፤ ሁለቱ ዜማ ያወጣሉ፣ አንዱ ዝቅተኛውን ድምፅ ይይዛል፣ አንዱ የጩኸት ነው፣ አምስተኛው የተቀዳ አጭር ድምፅ ያጫውታል። ተኩሱና ፍንዳታውም የሚወጡት በእነዚሁ መስመሮች ነው። ስለዚህ ጠብ ሲበረታ ከዜማው አንድ ክር ለቅጽበት ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ይህ ሁሉ ሆኖ የሂጋሺኖ ዜማ ይታወቃል። ጠንካራ ዜማ በሦስት ድምፅም ይቆማል።

ትልቁ ጉዳት ግን ብዙ የማይወራለት ነው፤ ከፍታው። የአዳራሹ ግራዲየስ በአንዳንድ ደረጃዎች ዓለሙ ከስክሪኑ ይረዝማል። ተጫዋቹ ወደ ላይ ሲወጣ ስክሪኑ አብሮት ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ጠላት ከታች ላለ ሰው አይታይም። ስለዚህ መንገድ ይመረጣል፦ በላይኛው በኩል ልሂድ ወይስ በታችኛው? በፋሚኮም ደረጃው ሁሉ አንድ ስክሪን ከፍታ ሆነ። ሁሉም ነገር በአንድ ዓይን ይታያል። ኦፕሽን ሲቀነስ ሐሳቡ አልተነካም፤ ከፍታው ሲቆረጥ ግን አንድ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። በአዳራሹ ማሽን ተጫውቶ የማያውቅ ልጅ እንደጎደለው እንኳ ሊያውቅ አይችልም።

የተረፈውስ? የመሣሪያው መደዳ ሳይነካ ቀርቷል፤ ስድስቱም ሳጥኖች በቦታቸው አሉ። የመጀመሪያው ደረጃ መጨረሻ ላይ ሁለቱ እሳተ ገሞራዎች ድንጋይ ሲተፉ ተጫዋቹን እንዳስጨነቁት ያስጨንቁታል። የኢስተር ደሴትን የድንጋይ ራሶች የሚመስሉት ሞአዮች ከአፋቸው ቀለበት እየተፉ ይጠብቁታል። በየደረጃው መጨረሻ የሚመጣው ትልቅ መርከብ እንደ ቀድሞው የሚሞተው መሐሉ ሲመታ ብቻ ነው። የሞተ ሰው እንደ ቀድሞው ሁሉንም ያጣል። ሥራውን የሠሩት ሰዎች ጌሙ የቆመበትን ምሰሶ ከጌጡ መለየት ችለው ነበር፤ ከከፍታው በቀር ምሰሶውን አልነኩም።

ሐሺሞቶ የተወው በር

ጌሙን ወደ ፋሚኮም ካመጡት ፕሮግራመሮች አንዱ ካዙሂሳ ሐሺሞቶ ነበሩ። የተሠራ ሥራ ሁሉ መፈተሽ አለበት፤ የሰባተኛውን ደረጃ ትክክለኛነት ለማየት ሰባተኛው ደረጃ መድረስ ያስፈልጋል። ሐሺሞቶ በኋላ ሲናገሩ እንዳመኑት የሚሠሩት ጌም ለራሳቸው በጣም ከብዷቸው ነበር። ስለዚህ ለመፈተሻ የሚሆን በር አስገቡ። ጌሙ ለጊዜው ቆም ተደርጎ በመቆጣጠሪያው ላይ በቅደም ተከተል ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ የተጫነ እንደሆነ መንኮራኩሯ ሚሳኤሉን፣ ሁለቱን ኦፕሽኖችና ጋሻውን በአንድ ጊዜ ታጥቃ ትነሳለች። ቅደም ተከተሉን የመረጡት ለማስታወስ እንዲቀላቸው ነው። ካርትሪጁ ለገበያ ሲወጣ በሩ ውስጡ ነበር፤ ተጫዋቾችም አገኙት።

ይህ ዛሬ ዓለም የኮናሚ ኮድ የሚለው ነው። በአሜሪካ በሰፊው የታወቀው በ1988 በቤት ማጫወቻ በወጣው ኮንትራ አማካይነት ነው፤ እዚያ ኮዱ 30 ሕይወት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በብዙ የኮናሚ ጌሞች ገባ፣ ሌሎች ኩባንያዎችም ወሰዱት። ሐሺሞቶ በየካቲት 2020 በ61 ዓመታቸው ሲያርፉ ዜናው በዓለም ዙሪያ የተነገረው በዚህች ቅደም ተከተል ምክንያት ነው።

ኮዱን እንደ ቀልድ ወይም እንደ ማጭበርበሪያ የሚያዩት ብዙ ናቸው። እኔ ከዚህ በላይ የሚናገር ይመስለኛል። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የሳንቲም ሂሳብ እዚህ ይመጣል። የጌሙ ጭካኔ ለአዳራሽ የተሰላ ነበር፤ ቤት ውስጥ ያ ስሌት ባለቤት የለውም። ከሁሉ አስቀድሞ ይህን በራሱ ላይ ያየው ጌሙን ቤት ያስገባው ሰው ነው፤ የራሱ ሥራ አላሳልፍ ያለው ሰው። ለራሱ ያበጀው መውጫ በሺህ ኪሎሜትሮች ርቀት ላሉ ልጆች ጌሙን እስከ መጨረሻው እንዲያዩ ዕድል ሰጠ። አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ በር ሊኖር አይችልም ነበር፤ ባለቤቱ አይፈቅድም።

ኮናሚ ራሱም ኮዱን አልረሳውም። የአዳራሹ ግራዲየስ 3 በ1989 ሲወጣ ልምድ ያላቸውን ሳይቀር ያስለቀሰ ነበር። በታኅሣሥ 1990 ሱፐር ፋሚኮም ለተባለው ማጫወቻ ሲዘጋጅ ለስለስ ተደርጎ፣ የክብደቱ ደረጃ እንዲመረጥ ተደርጎ መጣ። እዚያ በኮዱ ውስጥ ግራና ቀኝ በሚባለው ቦታ በመቆጣጠሪያው ትከሻ ላይ ያሉትን ሁለት አዲስ ቁልፎች የተጫነ ሰው ሙሉ መሣሪያ ያገኛል። የድሮውን ኮድ እንዳለ ያስገባ ሰው ግን መሣሪያውን ሲያይ ደስ ብሎት ሳይጨርስ መንኮራኩሯ በራሷ ትፈነዳለች። በዚሁ ጌም ሌላ የታወቀ ነገርም አለ፤ ስክሪኑ በጥይትና በጠላት ሲሞላ ፕሮሰሰሩ አይችለውምና ጨዋታው በሙሉ በዝግታ መሄድ ይጀምራል። ብዙ ሰው ጉድለት ይለዋል። ጠንቃቃ ተጫዋች ግን ያንን ዝግታ በጥይት መሐል መንገድ ለመፈለጊያ ጊዜ አድርጎ ይጠቀምበታል፤ ዝግታው ቢወገድ ጌሙ ይከብዳል።

ሌሎቹ ቤቶች

ግራዲየስ የገባው ፋሚኮም ውስጥ ብቻ አይደለም። በ1986 ኤምኤስኤክስ ለተባሉት የቤት ኮምፒውተሮችም ወጥቷል። የእነሱ የሥዕል ቺፕ ገጽን በራሱ ማንሸራተት አይችልም፤ ስለዚህ መሬቱ ስምንት ስምንት ፒክስል እየዘለለ ይንገጫገጫል። በአንድ መስመር ላይ የሚታየው ስፕራይትም አራት ብቻ ነው። በተቃራኒው ሻርፕ ኤክስ68000 የተባለው ውድ የጃፓን ኮምፒውተር በ1987 ሲወጣ ግራዲየስ አብሮት ይሰጥ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ከአዳራሹ ማሽን ጋር አንድ ዘር ስለሆነ ልዩነቱን መለየት ያስቸግራል። ኩባንያው «አዳራሹን ቤትዎ አመጣንልዎ» ለማለት ከዚህ የተሻለ ማሳያ አያገኝም ነበር።

ተቀናቃኙም የራሱ ታሪክ አለው። አይሬም የተባለው ኩባንያ በ1987 ያወጣው አር-ታይፕ፣ በትልልቅ ጠላቶቹና በሥዕሉ ውበት የታወቀው፣ በ1988 ፒሲ ኤንጅን ለተባለው ማጫወቻ ሲመጣ በአንድ ካርድ አልበቃም። ስምንቱ ደረጃዎች ለሁለት ተከፍለው፣ አራት በአንድ ካርድ፣ አራት በሌላ፣ በሁለት ጊዜ ለገበያ ቀረቡ። ሥዕሉን ቆርጦ በአንድ ካርድ ማስገባት ይቻል ነበር፤ አልፈለጉም። ግራዲየስ ሐሳቡን ይዞ ሥዕሉን ተወ፤ አር-ታይፕ ሥዕሉን ይዞ ገዢውን ሁለት ጊዜ አስከፈለ። የትኛው ይሻላል ለሚለው አንድ መልስ የለኝም፤ ሁለቱም ጌማቸውን ያወቁ ሰዎች የወሰኑት ነው።

ዛሬ አሠራሩ ተለውጧል። የአሁኑ ማሽን ኃይሉ ብዙ ስለሆነ ጌሙን እንደገና መጻፍ አያስፈልግም፤ የድሮውን ማሽን አሠራር የሚያስመስል ፕሮግራም ይጻፍና የድሮው ጌም አንዲት ፊደል ሳይለወጥ በላዩ ይሮጣል። ይህ ኢሙሌሽን ይባላል። ኮናሚ በነሐሴ 2025 ግራዲየስ ኦሪጅንስ በሚል ያወጣው ስብስብ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ኤምቱ የተባለው ለዚህ ሥራ የታወቀ የጃፓን ድርጅት አዘጋጅቶታል፣ በውስጡ ያሉትም በአብዛኛው የአዳራሽ ማሽን ጌሞች ናቸው። የቤቱ ግራዲየስ ደግሞ ኒንቴንዶ ስዊች ለተባለው ማጫወቻው ተጠቃሚዎች በደንበኝነት ክፍያ በሚሰጠው የድሮ ጌሞች ዝርዝር ውስጥ ከ2018 ጀምሮ አለ።

ሁለቱንም ማየት የሚፈልግ አንባቢ በቤቱ ይጀምር፤ ኮዱንም አይፈር፣ ለዚህ ነው የተሠራው። በመጀመሪያው ደረጃ አንድ ፍጥነት፣ ከዚያ ሚሳኤል፣ ከዚያ ኦፕሽን መውሰድ ለጀማሪ ደህና መንገድ ነው፤ ሦስተኛ ፍጥነት ግን አይውሰድ። ከዚያ የአዳራሹን ይክፈት። አራተኛው ኦፕሽን ሲጨመርለት፣ ሌዘሩ ስክሪኑን ሲያቋርጥ ልዩነቱ ወዲያው ይታየዋል። ከፍታው ደግሞ ትንሽ ይቆያል፤ ስክሪኑ ወደ ላይ የሚከፈትበት ደረጃ ላይ ሲደርስ መንኮራኩሯን እስከ ጣሪያው ድረስ ወስዶ ይመልከት፣ በፋሚኮም ተጫውቶ ያደገ ሰው ያላየው ግማሽ እዚያ ነው ያለው።